ሚስተር ሆራስ ግሪሊና ባለቤታቸው

በዚህ ዓምድ ስለ ታወቁ ሰዎች ስንጽፍ ከአደባባያቸው ይልቅ ቤታቸውን መመልከት እንወዳለን። ዛሬ የምናወሳው አሜሪካዊውን ጋዜጠኛ ሚስተር ሆራስ ግሪሊን ነው። እኒህ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1811 ዓ.ም. ከድኻ ገበሬ ተወልደው፥ በ15 ዓመታቸው በማተሚያ ቤት ፊደል መልቀም ጀመሩ፤ በ1841 ዓ.ም. በኒው ዮርክ «ትሪቡን» የተባለውን ጋዜጣ አቋቁመው ባርነትን አጥብቀው ተቃወሙበት።

የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ፥ ባርነት እንዳይቀር የተዋጋው ወገን መሪ ጄፈርሰን ዴቪስ ሳይፈረድበት ሁለት ዓመት ታስሮ ቈየ። ሚስተር ግሪሊም ለአገሩ ዕርቅ ይበጃል ብለው በ1867 ዓ.ም. ዋስ ሆነው ፈረሙለት። ስለዚህም እጅግ ብዙ ደንበኞች ጋዜጣቸውን ተዉ። ጠላትን በብዕር መውቀስ ለጋዜጠኛ የዕለት ሥራው ነው፤ ለጠላት ዋስ መሆን ግን፥ ለዚያውም እንጀራው በአንባቢ እጅ ላለ ሰው፥ ቀላል አይደለም።

ወደ ቤታቸው ስንመለስ፥ በ1836 ዓ.ም. ያገቧቸው አስተማሪዪቱ ወይዘሮ ሜሪ ቼኒ ከወለዷቸው 7 ልጆች 5ቱ በልጅነታቸው ሞተውባቸው ጤናም ርቋቸው ነበር። ባልየው በጋዜጣው ቤት ሲያመሹ ሐዘኑን ብቻቸውን የተሸከሙት ወይዘሮዪቱ ይመስሉናል። በ1872 ዓ.ም. ግን ሚስተር ግሪሊ ከጄኔራል ግራንት ጋር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የሚስታቸው ሕመም ስለ ጸና፥ የምርጫውን ዘመቻ ትተው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። ወይዘሮዪቱ ኦክቶበር 30 ቀን ዐረፉ፤ ከ6 ቀን በኋላ ባልየው በምርጫው ተሸነፉ፤ ኖቬምበር 29 ቀን እርሳቸውም ሞቱ። በቀብራቸው ሥርዓት ላይ ከተገኙት ሰዎች አንዱ ያሸነፏቸው ፕሬዚዳንት ግራንት ነበሩ።