ዛፉ አለ፣ ችግኙ ግን የት ሄደ? ከሶኮትራ እስከ መተማ

ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ የሚመስል ዛፍ፣ ዙሪያው ድንጋይ። በኤአይ የተሠራ ይመስላል፤ ግን እውነተኛ ዛፍ ነው። ቦታው ሶኮትራ ይባላል፤ ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ በስተምሥራቅ ያለች የየመን ደሴት ናት። ዛፉ ሲቆረጥ ቀይ ሙጫ ስለሚወጣው «የዘንዶ ደም» ይሉታል። ዐረቦች ደግሞ «የሁለቱ ወንድማማቾች ደም» ነው የሚሉት።

ዛሬ የምናወራው ግን ፎቶው ስለማያሳየው ነገር ነው።

የሶኮትራን ዕጽዋት መመዝገብ የቆየ ሥራ ነው። ስኮትላንዳዊው ተመራማሪ አይዛክ ቤይሊ ባልፎር እ.ኤ.አ. በ1880 ሄዶ ናሙና ሰበሰበ፤ ውጤቱን በ1888 በመጽሐፍ አሳተመ። ዩኔስኮ ደሴቷን በ2008 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የታወቁት የዕጽዋት ዝርያዎች 825 ደርሰው ነበር። ከነዚህ 37 በመቶው ሌላ የትም አይበቅልም። የኪያርና የዱባ ዘመድ ሆኖ ዛፍ የሆነ ተክል እዛ አለ። የሮማን የዱር ዘመድም አለ። የዕጣን ዛፍ ደግሞ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ነው።

ዝርዝሩ ሙሉ ነው። ታዲያ ችግሩ ምንድነው?

ችግሩ፣ የዝርያ ዝርዝር የሚመልሰው «አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ መንደር ገብታችሁ ሰው ብትቆጥሩና ሁሉም ሽማግሌ ሆኖ አንድም ሕፃን ብታጡ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢበዛ ትደነግጣላችሁ። ሶኮትራም ላይ የሆነው እንደዛ ነው። በብዙ ቦታ የዘንዶ ደም ዛፎቹ ያረጁ ናቸው፤ ከሥራቸው ችግኝ የለም።

ለምን? ዋናዋ ተጠያቂ ፍየል ናት። ችግኙ ብቅ ሲል ትበላዋለች። ዛፉ ደግሞ እድገቱ በጣም አዝጋሚ ስለሆነ ከፍየል አፍ በላይ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ግንዱ የዓመት ቀለበት ስለሌለው ዕድሜውን ማወቅ ራሱ ከባድ ነው፤ ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ ቅርንጫፍ እንዳወጣ ቆጥረው ነው የሚገምቱት። በዚህ ላይ በኅዳር 2015 ቻፓላ እና ሜግ የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በአንድ ሳምንት ልዩነት ደሴቷን መቱ፤ ብዙ ትልልቅ ዛፎችም ተነቀሉ። ሽማግሌው ሲወድቅ የሚተካው ልጅ ከሌለ ዛፉ ጠፋ ማለት ነው።

«ፍየሉን አስወግዱ» ማለት ቀላል ነው። ግን ፍየል ለሶኮትራ ሰው ወተቱም ሥጋውም ገንዘቡም ናት። ስለዚህ አንዳንድ ነዋሪዎች ሌላ መንገድ ይዘዋል፦ አጥረው ችግኝ ያፈላሉ። አጥሩ ግን ለአንድ ክረምት የሚሆን አይደለም፤ ለዓመታት መቆም አለበት። የመን ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ከጦርነት አልወጣችም። የረጅም ጊዜ ሥራ የሚፈልገው የረጅም ጊዜ ሰላም ነው።

ይሄ የሩቅ ደሴት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቡና ስናፈላ የምናጨሰው ዕጣንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ2019 «ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአካባቢያችን የሚበቅለውን የዕጣን ዛፍ አይቶ ነበር። ከተጠኑት ቦታዎች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ትንንሽ ዛፎች የሏቸውም። ጥናቱ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ይተነብያል። ምክንያቶቹም ከብት፣ ተደጋጋሚ እሳት እና ዛፉን ያለ እረፍት ማድማት ናቸው። መተማም ሆነ ትግራይ ቆላ ብትሄዱ የዕጣን ዛፍ ታያላችሁ፤ ጥያቄው ከሥሩ ምን አለ የሚለው ነው።

ስለዚህ «ይህን ያህል ዛፍ አለን» የሚል ዜና ስታነቡ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ስንቱ ልጅ ነው? የደን ቆጠራ ትላንት የበቀለውን ካልቆጠረ፣ ነገ ደን ይኑር አይኑር ሊነግረን አይችልም።