የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሞላላዋ ኳስና ሁለቱ ቤቶቿ

ይህን እትም ስናሰናዳ አንድ የሐዴራ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ላይ የራግቢ ፎቶ አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ኳስ ነው ድብድብ?» አሉኝ። «ሁለቱንም ነው አባባ» አልኳቸው።

ራግቢ በ1895 እንግሊዝ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ። የጠቡ ምክንያት ገንዘብ ነው፦ የሰሜኑ ሠራተኛ ለጨዋታ ሲል የቀረበት የቀን ደመወዝ ይካካስለት ወይስ አይካካስለት? ከዚያ ዩኒየንና ሊግ የሚባሉ ሁለት ራግቢዎች ተወለዱ፤ ዩኒየን በ15፣ ሊግ በ13 ተጫዋች ይጫወታል። በሊጉ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ከተጣለ ያስረክባል፤ በዩኒየኑ ግን መሬት ላይም ይተናነቁባታል። ዩኒየኑ እስከ 1995 ደመወዝ ስለከለከለ፣ ወደ ሊጉ የሄደ እንደ ከዳተኛ ይቆጠር ነበር። (ረሃብን ክህደት ማለት ይከብደኛል።)

ጄሰን ሮቢንሰን ግን ከሊጉ ተነሥቶ ዩኒየን ገባ፤ በ2003 ሲድኒ ላይ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነጥብ አስቆጠረ፤ በዓመቱ የእንግሊዝ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ሆነ። እኛም ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የራሳችን አምበል አለን፦ የጎረቤታችን የናታንያ ልጅ ኤሊ ዳሳ የእስራኤልን የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መርቷል።

የሮቢንሰንን ታሪክ በውስጥ ገጽ ታገኙታላችሁ። ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው አባቶች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።