የተማሪ አበልም ዕዳ ነው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ዛምቢያ 42.5 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል አቅቷት በወረርሽኙ ዘመን ዕዳዋን ሳትከፍል የቀረች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ተባለች። ወለዱ የሚከፈለው ኦክቶበር 14 ነበር። ውሉ የ30 ቀን እፎይታ ስለሚሰጥ ቀኑ እስኪሞላ ተጠብቆ፣ ኖቬምበር 13 ላይ ዓለም ሁሉ ሰማ። ያው መንግሥት ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም ያልከፈለው ዕዳ ነበረበት። በኦክቶበር 2018 በሉሳካ የሚገኘው የዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምግብ አበላቸው ስለዘገየባቸው ለተቃውሞ ወጡ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ወደ ማደሪያቸው ተኮሰ፤ አንዲት የ4ኛ ዓመት ተማሪ ክፍሏ ውስጥ ታፍና ሞተች። ለቦንድ ገዢው የእፎይታ ቀን የሚቆጥር ውል አለ። ለተማሪው የሚቆጥርለት የለም። የመጀመሪያው ሳይከፈለው ሲቀር የአገር ኪሳራ ይባላል፣ ሁለተኛው ሳይከፈለው ሲቀር የተማሪ ረብሻ። እኔ ሁለቱም ዕዳ ናቸው ባይ ነኝ፤ ተማሪውም አደባባይ የሚወጣው ሌላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፊያ ስለሌለው ነው።

ካዝና ሲሳሳ ማን ቀድሞ ይከፈለው የሚለውን የሚወስነው ፍትሕ አይደለም፤ ሳይከፈለው ቢቀር ማን ይጎዳናል የሚለው ስሌት ነው። ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዛቸው አንድ ወር ቢያድር መዘዙ ይታወቃል። የተማሪ አበል ሁለት ወር ቢዘገይ ግን «የአሠራር ችግር» ተብሎ ይታለፋል። ዱቤ የሚወስደው ተማሪው ነው፤ ባለሱቁ ፊት የሚያፍረውም እሱ ነው። በዚያ ላይ የዋጋ ንረት አለ። በ2021 የዛምቢያ የዋጋ ግሽበት ከ20 በመቶ በላይ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዘግይቶ የመጣ አበል ሙሉ ሆኖ ቢመጣ እንኳ ጎድሎ ነው የሚመጣው፤ ተማሪው ሊገዛው የነበረው የበቆሎ ዱቄት አይጠብቀውማ።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2023 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች፤ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ የገባችውም ዛምቢያ በገባችበት የቡድን 20 ማዕቀፍ ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ተማሪ በግቢው ካፌ ይመገባል፤ ኖን ካፌ የሆነው፣ ማለትም ከግቢው ካፌ ውጭ የሚመገበው፣ በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው ገንዘብ ለዓመታት 22 ብር ነበር፤ በብዙ ካፌ አንድ ማኪያቶ የማይገዛ ብር ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል፤ ይህ መመስገን ያለበት ነው። ግን በእነዚያ ዓመታት መንግሥት 22 ብሩን በቀኑ ሰጥቻለሁ ማለት ይችል ነበር። ዋጋው ሲወጣ አበሉ ባለበት ከቆመ ልዩነቱ በየወሩ ሳይከፈል የቀረ ገንዘብ ነው፤ የሚታየውም በቀጠነ ወጥና ባነሰ ዳቦ ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ከገበሬው ልጅ ይሻላል፣ በድሃ ግብር ለምን ይቀለባል የሚል ነው። ቁምነገር አለው፤ ነገር ግን ብዙው ተማሪ ያው የገበሬ ልጅ መሆኑን ይዘነጋል። ከዚህም በላይ የእኛ ተማሪ የምግብና የማደሪያ ወጪውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊመልስ የኮስት ሼሪንግ ውል ፈርሞ ነው የሚማረው፤ በዛምቢያም ድጋፉ በሕግ ብድር ሆኗል። አበዳሪ ብድሩን ለመልቀቅ ሲያዘገይ ተበዳሪውን «ተቀላቢ» ማለት ነውር ነው። መንግሥት አቅም ከሌለው ተማሪው ሳይመዘገብ በፊት በግልጽ ይቀንስ ወይም ያስቀር። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 አበሉን አስቀርታ ነበር፤ ያኔ የተቃዋሚ መሪ የነበሩት ሃካይንዴ ሂቺሌማ በ2021 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንመልሳለን ብለው አሸነፉ፣ መለሱም። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ያ ለመራጭ ቀርቦ የተፈረደበት ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የድንጋዩ ነው። የሉሳካ ተማሪዎች በግቢያቸው አጠገብ በሚያልፈው ታላቁ የምሥራቅ መንገድ መኪና በድንጋይ የሚደበድቡበት ጊዜ አለ፤ አላፊ አግዳሚው ምን በደለ? ይህን የሚያደርግ ሊጠየቅ ይገባል። ሆኖም ድንጋይ የወረወረው መቀጣቱ ዕዳውን አይሰርዘውም። ደግሞ የክፍያ ቀን ታውቆ፣ ሲያልፍም ምክንያቱ በጽሑፍ ቢነገር ስንቱ ተማሪ መንገድ ይወጣ ነበር?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የተማሪ ምግብ በጀት እንደ ደመወዝ ቀን ይቆረጥለት፤ ቀኑ ካለፈ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ያዘገየው መሥሪያ ቤት በስሙ ያስታውቅ፤ መጠኑም በየዓመቱ ከዋጋ ጋር ይታይ። 100 ብሩ ከተወሰነ ወዲህ ገበያው አልቆመም፤ ቀጣዩ ክለሳ መቼ እንደሆነ የገንዘብና የትምህርት ሚኒስቴሮች ተማሪው ሳይጮህ ይንገሩን።