ዳንቴልና ወክ

የአዲስ አበባ ወዳጆቻችን ክፍለ ሀገር ደርሰው ሲመለሱ የሚሉን ነገር አንድ ነው። «አየሩ ደስ ይላል፤ ግን ይደብራል!» ሁለት ቀን ያድራሉ፣ ጥብስ ይበላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ ከዚያ ከተማዋን በአንድ ቃል ደምድመው ይመጣሉ። እኛ ከዚህች ቃል ጋር ከተጣላን ቆየን።

እስኪ ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። (ትንሽ ከተማ ስንላት የሚቀየሙን ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀላት ወዲህማ ማን ይችላታል!) የታወቀችው በብርዷ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ለአካባቢው ሙያ ሰጥቶታል። ወደ ሰሜን አለፍ ሲሉ መንዝ ነው፤ መንዝ የበግ አገር ነው። እናቶች ሱፉን በእንዝርት ይፈትሉታል፣ አባቶች ይሸምኑታል፣ ባና ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ መሆኗም እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለንም።

በከተማው ቤት ውስጥ ግን የእጅ ሥራ ሲባል ዳንቴል ነው። ያደግንባቸው ቤቶች ሁሉ ያውቁታል። ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ራዲዮኑ ላይ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ቁልፍ ተደርጎበት የሚቀመጠው የቤት ስልክ ላይ ሳይቀር! ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዳንቴሉ መቀመጫ አጣ፤ እኛም «ያለፈበት» ብለን ሳቅንበት። ኪሮሽ ይዞ የሞከረ ግን አይስቅም። አንዲት ዓይን ከተዘለለች እስከዚያ ድረስ መተርተር ነው። ወሬ ሲጀምሩላት «ቆይ፣ ልቁጠር» የምትል ሴት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ቆጥራ ስትጨርስ ደግሞ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። ፀሐይ እየሞቁ፣ ቡና እየፈላ፣ ማን አገባ ማን ታመመ እየተባለ አንድ የሶፋ ልብስ ሳምንታት ይፈጃል።

የሚያናድደን ይኼ ነው፦ ይህቺን ልጅ «ሥራ ፈት» ይሏታል። ወንድሟ ማዶ ካለው ቤት ሁለት የእንግሊዝ ጨዋታ አከታትሎ አይቶ፣ ፑል ተጫውቶ ማታ ይመጣል፤ እሱን ግን ማንም ሥራ ፈት አይለውም። «ዘና ብሎ መጣ» ነው የሚባለው።

ደግሞ አናጋንን። ዳንቴል ሴት ልጅን ከቤት ማስቀመጫም ነበር። እጇ ከተያዘ እግሯም ይያዛል ብለው ያሰቡ ወላጆች ጥቂት አልነበሩም። ለዚህም ነው ወክ የሚባለውን ነገር አቅልለን የማናየው።

11 ሰዓት ላይ አስፋልቱን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጓደኛሞች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይወጣሉ። ላይ ወጥቶ ታች መውረድ ነው፤ የሚደረስበት ቦታ የለም። የበረቱት ወደ በሬሳ ወንዝ አቅጣጫ ይወርዳሉ። የመንገዱ ዳር ገብስና ባቄላ ነው፤ ባቄላው ሲያብብ ሽታው ልብ ይሰርቃል። በየአሥር እርምጃው ሰላምታ አለ፤ እናት ደህና ናት? አባት ተሻለው? ዋጋም አለው፤ ከማን ጋር እንደሄድሽ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ቤት ይገባል! ቢሆንም ለብዙ ሴት ልጆች ማንም «የት ነበርሽ» ሳይል የሚወጣበት ሰዓት ይኼ ብቻ ነበር።

ይህ ሰዓት እንዲያው የሚገኝ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል ከተሞች ሰዓት እላፊ ሲመጣ፣ ዜናው የሞተውንና የተዘጋውን መንገድ ቆጠረ፤ ልክም ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ግን «ሰው ማታ ማታ በእግሩ መሄድ አቆመ» የሚል ዜና እንዴት እንደሚጻፍ አልነገሩንም። አንዲት እናት ልጇን 11 ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ቆማ ስትጠራ ከተማው ምን እንዳጣ ከዚያ በላይ የሚናገር ያለ አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባም የእግር መንገድ አግኝታለች፤ ማታ ማታ በፒያሳና በአራት ኪሎ መብራት ሥር ሰው ይንሸራሸራል። ደስ ብሎናል። (ለመንገዱ ሲባል ቤታቸው ስለፈረሰባቸው ሰዎች ሌላ ጊዜ እንጽፋለን፤ በጎን የሚጠቀስ ጉዳይ አይደለም።) ግን ልብ በሉልን፦ ያው መሄድ ፒያሳ ላይ ሲሆን «ዘመናዊ»፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሲሆን «ድብርት» ተባለ። ፒያሳ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሂዶ አንድም ሰው ስለ እናታችሁ ጤና አይጠይቃችሁም።

ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ወዳጆቻችን፣ 11 ሰዓት ላይ ሆቴል ውስጥ ስልክ ይዛችሁ አትቀመጡ። መንገድ ላይ የእጅ ሥራ የምትሸጥ ሴት ካገኛችሁም አሥር ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት አትከራከሩ፤ የስንት ቀን ቆጠራ እንደሆነ አሁን ነግረናችኋል። ሹራብ ግን ያዙ። ከበሬሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀልድ አያውቅም።