ሔሌናዊ ማን ነው?

በድሬዳዋ አጠገብ ባለችው በመልካ ጀብዱ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች «ግሪክ» ሲሉ በኅሊናቸው የሚመጣው ሶቅራጥስ ወይም አፍላጦን ሳይሆን፣ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከአርመኑ፣ ከሕንዱና ከዓረቡ ጎን ለጎን በከተማይቱ ሲነግድ የኖረው ባለሱቅ ነው፤ ከጉባኤ ቤት የዋለው ሊቅ ግን የዚያኑ ሕዝብ ልሳን «ጽርእ» ብሎ ያውቀዋል፤ ተማሪውም ጥንቱን ከዛሬው ሳይለይ ሁሉን በአንድ «ግሪክ» ይጠቀልለዋል።

ባለቤቶቹ ራሳቸውን የሚጠሩት ሔሌናውያን ብለው ነው። ግሪክ የሚለው በሮማውያን ልሳን በኩል የመጣ ሲሆን፣ ዮናናውያን የሚለውም በታናሽ እስያ ጠረፍ ከነበረ ከአንድ ነገዳቸው ተነሥቶ በምሥራቅ ሕዝቦች ዘንድ ለሁሉም የተሰጠ ነው። ባዕድ ባወጣው ስም መጠራት በእኛም ደርሷል፤ ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በግእዙ «ሐበሻት» የተባለው በጽርኡ «ኢትዮጵያውያን» ተብሏልና።

ኢሶቅራጥስ የተባለው የአቴና መምህር ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ380 ገደማ ሲጽፍ፣ ሔሌናዊ መባል ከደም ይልቅ በትምህርት እንደሚገኝ ገልጿል፤ ይህን ማለቱ ግን የሀገሩን የአቴናን ክብር ለማጉላት እንጂ ለባዕዳን በማሰብ አይመስለኝም። እንግዲህ ሚዛኑ ትምህርት ከሆነ፣ በመጀመሪያው ምእት ዓመት የኤርትራን ባሕር ጉዞ የጻፈው ነጋዴ ጽርእን ማንበብና መጻፍ እንደሚያውቅ የመሰከረለትን፣ የአዱሊስን አውራጃ ይገዛ የነበረውን ንጉሥ ዞስካሌስን ሔሌናዊ ልንለው ነውን? እኔ አልለውም። እስክንድር በ323 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሞተ በኋላ በግብፅና በሶርያ የተስፋፋውን፣ የታሪክ ጸሐፍት ሔሌኒስታዊ ያሉትን ሥልጣኔ ፍሬ መቅመስ ሌላ ነው፣ ሔሌናዊ መሆን ሌላ ነው። አባቶቻችን ቅዱሳት መጻሕፍትን ከጽርእ ሲተረጉሙ ወንጌልን፣ ጰራቅሊጦስንና ኤጲስ ቆጶስን ከነስማቸው ተቀበሉ፤ በቅዳሴያችንም እስከ ዛሬ ኪርያላይሶን እንላለን፤ ሆኖም ይህ ሁሉ የገባው በግእዝ ፊደልና በግእዝ ዜማ ነው።

ስለዚህ መምህራንና የጋዜጣ ጸሐፍት ለልሳኑ ጽርእን፣ ለጥንቱ ሕዝብና ለጥበቡ ሔሌናዊን፣ ከእስክንድር በኋላ በባዕዳን መካከል ለተስፋፋው ሔሌኒስታዊን፣ ለዛሬው መንግሥትና ለዜጎቹ ግሪክን እየለዩ እንዲጽፉልን እለምናለሁ።