የስበትና የመግነጢስ ጥናት፡- ከቁፋሮ መቅደም ያለበት መረጃ

የከርሰ ምድር ሀብት ፍለጋ ሲነሳ በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የቁፋሮ ማማ ነው። ይሁንና ማማው ከመተከሉ አስቀድሞ የት ሊተከል እንደሚገባ የሚያመለክት፣ ወጪውም ከቁፋሮ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ የሆነ ሥራ አለ። ይኸውም የመሬትን ስበትና መግነጢሳዊ መስክ የመለካት ጥናት ነው።

በኢትዮጵያ የኦጋዴን፣ የአባይ፣ የመቀሌ፣ የጋምቤላና የደቡብ ኦሞ አካባቢዎች ደለላዊ አለቶች የተከማቹባቸው ተፋሰሶች መሆናቸው ይታወቃል። የተፈጥሮ ጋዝ፣ ፖታሽ፣ ጄሶና የኖራ ድንጋይ በመሰል አለቶች ውስጥ የሚገኙ ሀብቶች ናቸው። በኦጋዴን የካሉብ የጋዝ ክምችት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘ ሲሆን፣ በዳሎል አካባቢ ያለው ፖታሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ በስፋት ተጠንቷል።

የጥናቱ መነሻ ቀላል ነው። ደለላዊ አለት ከሥሩ ካለው ጥንታዊ መሠረተ አለት ይልቅ በአብዛኛው ቀለል ያለ በመሆኑ፣ ደለሉ በወፈረበት ቦታ ስበት በጥቂቱ ይቀንሳል። መለኪያው ሚሊጋል ይባላል፤ አንድ ሚሊጋል ከመሬት አጠቃላይ ስበት አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። በእፍጋት ረገድ ከመሠረተ አለቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.3 ግራም የሚያንስ፣ 1 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለውና ሰፊ ቦታ የሸፈነ ደለል ስበቱን ከ12 እስከ 13 ሚሊጋል ይቀንሰዋል።

የመግነጢስ ጥናት በበኩሉ በደለሉና በመሠረተ አለቱ መካከል ባለው ሌላ ልዩነት ላይ ይመሠረታል። ደለላዊ አለት መግነጢሳዊነቱ ደካማ ሲሆን መሠረተ አለቱ ግን ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። በመሆኑም በካርታ ላይ ጠባብና ሹል ሆነው የሚታዩ ለውጦች አለቱ ቅርብ መሆኑን፣ ሰፊና ለስላሳ ለውጦች ደግሞ ወደ ጥልቅ መውረዱን ይጠቁማሉ።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ዘዴዎች የየራሳቸው ውስንነት አለባቸው። በአባይ ተፋሰስ ሰፊ ቦታዎች ደለሉ በባዛልት የተሸፈነ ነው። ባዛልት ከባድና መግነጢሳዊ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ምልክት ይጋርዳል። በተጨማሪም ኢትዮጵያ ለመግነጢሳዊው ምድር ወገብ ቅርብ ናት። በዚህ አካባቢ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ የአለት ወሰኖች በመግነጢስ ካርታ ላይ ደብዝዘው ይታያሉ። ስለሆነም ወደ ሰሜንና ደቡብ በተዘረጉ የስምጥ ሸለቆ ተፋሰሶች የመግነጢስ ውጤት ብቻውን በቂ አይሆንም፤ በስበት ልኬት መደገፍ ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ ጥናቶቹ የተፋሰሱን ቅርጽና ጥልቀት እንጂ በውስጡ ያለውን ሀብት አያሳዩም። የደቡብ ኦሞና የአጎራባች ኬንያ ተሞክሮ ለዚህ አብነት ይሆናል። በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚገኙ የስምጥ ሸለቆ ተፋሰሶች በአውሮፕላን በተካሄደ የስበት ልኬት ተጠንተዋል። በኬንያ የሎኪቻር ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ2012 ነዳጅ ሲገኝ፣ በኢትዮጵያ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 የተቆፈሩት ጉድጓዶች ግን ለንግድ የሚበቃ ክምችት አላስገኙም። የስበት ካርታው ተፋሰሶቹን ለይቶ ቢያሳይም በየትኛው ውስጥ ነዳጅ እንደተከማቸ ሊናገር አልቻለም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጥናቱ ከንቱ ነው የሚል ሳይሆን፣ በሴይስሚክ ጥናትና በቁፋሮ ሊረጋገጥ የሚገባው የመጀመሪያ እርከን መሆኑን ነው። ባዶ የወጣ ጉድጓድም ቢሆን የአለቱን እፍጋትና ጥልቀት ስለሚያሳውቅ ቀድሞ የተሠራውን ካርታ ለማረም ያገለግላል።

በመሆኑም የመረጃ አያያዝ ጉዳይ ትልቅ ትኩረት ይሻል። ባለፈቃድ ኩባንያዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉም። መረጃው ግን ለሀገር መቅረት ይኖርበታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዶች የሥራ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

ይሁንና ሪፖርት መረከብ ብቻውን በቂ አይደለም። የስበት ልኬት ያለ ትክክለኛ ከፍታ ዋጋ የለውም። የአንድ ሜትር የከፍታ ስህተት 0.2 ሚሊጋል ያህል የስበት ስህተት ያስከትላል። ከፍታው በ10 ሜትር የተዛባ የልኬት ነጥብ ከላይ በተጠቀሰው የእፍጋት ልዩነት ስሌት የደለሉን ውፍረት ወደ 160 ሜትር አዛብቶ ያሳያል። ስለዚህ ፋይል የሚረከበው ባለሙያ የተሳለውን ካርታ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ነጥብ መገኛ፣ ከፍታ፣ የልኬት ቀንና ያልታረመውን የመጀመሪያ ንባብ አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ ሳይሆን ሲቀር አዲስ ባለሀብት በመጣ ቁጥር ያው ቦታ እንደገና ይለካል፣ ጊዜና ገንዘብም ይባክናል። ከዚህም በላይ መንግሥት ስለራሱ መሬት ከተደራዳሪው ያነሰ እያወቀ ለድርድር ይቀመጣል። በአንጻሩ የተሟላ የስበትና የመግነጢስ መረጃ በእጁ የያዘ ተቋም የትኛው ቦታ ለየትኛው ሥራ ሊሰጥ እንደሚገባ፣ የፈቃዱም ግዴታ ምን መሆን እንዳለበት በዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ለመወሰን ያስችለዋል። የሚመለከታቸው የፌዴራልና የክልል አካላትም የቁፋሮ ማማውን ያህል ለመረጃ መዝገቡ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።