የዲማው ልብወለድና ሙስሊሙ አንባቢ

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ አንድ ልብወለድ ወሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ደራሲው ማነው? ከየት ነው? ሃይማኖቱስ?» የሚል ከሆነ ሰነባብቷል። መጽሐፉ የሚነበበው፣ ያውም ከተነበበ፣ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን ለእኛ ለሙስሊሞች ገና ከበሩ የተዘጋ የሚመስል መጽሐፍ ቢኖር «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው የቄስ ልጅ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ የቆሎ ተማሪ፣ ቦታው ደግሞ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ስሙ የገነነው የጎጃሙ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ሆኖም መጽሐፉን የሚወድ ሙስሊም ሞልቷል። ለምን?

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩና በጣሊያን ደሴቶች ዓመታት በግዞት አሳለፉ። ሲመለሱ ዲፕሎማት፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ነው። ደራሲው ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሥርዓቱንም ከሥር ከቆሎ ተማሪነት እስከ ላይ ከሚኒስትርነት አይተውታል።

ይህን ሁሉ አይቶ የሚጽፍ ሰው ለራሱ ወገን ሊያዳላ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን በዘር ሐረጉ የሚመካውን ፊታውራሪ መሸሻን፣ ከባላባት ጎን የሚቆሙትን የነፍስ አባቶች፣ ገበሬውን የሚያስጨንቀውን የግብርና የመተያያ ጣጣ ያለ ምሕረት አወጡት። ጉዱ ካሳ የሚናገረውን ከውጭ የመጣ ሰው ቢናገረው ኖሮ «ሃይማኖታችንን ሰደበ» ይባል ነበር። ከዲማ የወጣ የቄስ ልጅ ሲጽፈው ግን ካህናቱም አነበቡት። ዛሬ «ጉዱ ካሳ» ማለት በአማርኛ የማይፈለገውን እውነት የሚናገር ሰው ማለት ሆኗል።

ታዲያ የውስጥ ሰው መሆን ብቻውን ዋስትና ነው? አይደለም። ግብጻዊው ነጂብ ማሕፉዝም የውስጥ ሰው ነበር፤ የተወለደው በካይሮ ጀማሊያ፣ ከሑሴን መስጊድ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ በ1959 በአል አህራም ጋዜጣ በተከታታይ የወጣው «የሠፈራችን ልጆች» የተሰኘው ልብወለዱ የዑለማዎችን ቁጣ ስለቀሰቀሰ ለብዙ ዓመታት በግብጽ በመጽሐፍ መልክ አልታተመም። በ1994 አንድ ወጣት አንገቱን በስለት ወጋው። ወጣቱ መጽሐፉን አላነበበውም ነበር። በልብወለዱ ይዘት ላይ መከራከር የዓሊሞችም የአንባቢም መብት ነው፤ ሳያነቡ ቢላ መምዘዝ ግን ክርክር አይባልም።

የሐዲስ ዕድል የተለየ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ መጽሐፉን ሲተርከው መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ፣ ፊደልም ያልቆጠረ ሕዝብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው። ሬዲዮ ደግሞ ሙስሊምና ክርስቲያን አይለይም። ብዙ ሙስሊም ቤት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቀው በዚያ ድምፅ ነው። ስለ ደራሲው ማንነት የጠየቀ ካለ የጠየቀው ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሲሰማ ደግሞ ራሱን አገኘ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከውሻ እየታገለ ከደብር ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ኪታብ ለመቅራት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዳና ወይም ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው፣ የማያውቀው መንደር የሚቀልበው፣ እናቱን ለዓመታት የማያያት ደረሳ ወንድሙ ነው። አንዱ ቅኔ ይቆጥራል፣ ሌላው ነህውና ፊቅህ ይቀራል፤ ረሃቡና ናፍቆቱ ግን አንድ ነው። በእኔ እምነት ሙስሊሙ አንባቢ ከዚህ መጽሐፍ ጋር የተሳሰረው ከፍቅሩ ይልቅ በዚህ ነው።

ስለቱም አለ። በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለአምላክ የተሰጠ ልጅ ነው፤ መከራውም ከዚያ ይጀምራል። ሙስሊም ይህን ሲያነብ የዒምራን ሚስት በማሕፀኗ ያለውን ለአላህ መሳሏ ወዲያው ይታወሰዋል፤ ሱረቱ ኣሊ ዒምራን ላይ ያለ ነው። በሌላ በኩል ሰው በማይዘው ነገር ላይ ነዝር እንደሌለው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈውን ያስባል። ወላጅ በልጁ ዕድሜ ሙሉ ላይ መሳል ይችላል? ትዳር እንዳይዝ ማሰርስ? ይህን ጥያቄ ደራሲው በገዛ ቤታቸው አንሥተውታል፤ እኛም በራሳችን ፊቅህ ልንወያይበት የምንችለው ነው።

እዚህ ላይ ግን ሌላውንም መናገር ያስፈልጋል። ከመጽሐፉ ዋና ዋና ገጸ ባሕርያት አንድም ሙስሊም የለም። ጎጃም ግን ያለ ሙስሊም ኖሮ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ የሚመጣ ቡና፣ ዝባድና ወርቅ የሚሸጥበት ነበር፤ የጁቤም የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ ርስት የመያዝ መብት ስላልነበረው ኑሮው ንግድና ሽመና ነበር። የሐዲስ ልብወለድ የሚያሳየው ባላባትና ጭሰኛ በመሬት ላይ የተያያዙበትን ሥርዓት ነው፤ ከመሬቱ ውጭ የተደረገው ሰው በዚያ ሥዕል ውስጥ መግቢያ አልነበረውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው የሙስሊሞች ሰልፍ ሲነሣ ይህ መጽሐፍ ከታተመ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር።

ይህን ጉድለት ጥላቻ ብሎ መተርጎም ስሕተት ይመስለኛል። ሐዲስ የጻፉት ከውስጥ የሚያውቁትን ነው፤ ጥንካሬያቸውም ወሰናቸውም ከዚያው ይመጣል። ግን ጉድለቱ ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። አንድ ተማሪ ጎጃምን የሚያውቀው በዚህ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ፣ ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ሲቃጠሉ «እዚያ ሙስሊም አለ እንዴ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚሰነዘረው «አንብቡት፣ አታንብቡት» ይልቅ ይህ ያሳስበኛል።

አብዱልረዛቅ ጉርናህ ከዛንዚባር ወጥቶ እ.ኤ.አ በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የራሱን ሰዎች ቅዱሳን አድርጎ በመሣል አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊም ነጋዴዎችን ሲጽፍ ልጅ በዕዳ ይዘው የሚያሳድጉትንም ጽፏል። የባሶን ነጋዴ የሚጽፍ የእኛ ደራሲም ከቡናውና ከዝባዱ ጋር በዚያው መንገድ የተሸጠውን ባሪያ መጻፍ ይኖርበታል። የሽመናውን ሙያ፣ «ርስት የለህም» የተባለውን አባት፣ የሸሁን ቤት ክብርም ኩርፊያም እንዲሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢወጣ መጀመሪያ የሚቆጣው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 አረፉ፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግን ጎጃም በጦርነት ውስጥ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጆቹ የክርስቲያንም የሙስሊምም ናቸው፤ በዛብህ ያለፈበትን አገር ዛሬ በእግር ለማለፍ የሚችል ተማሪ ጥቂት ነው።